የግራው ሞተር ክስ

ሳስካቱን ነው፣ ጥር ነው፤ ወንዙ ረግቶ ነጥቷል፤
በድሮው ወተት ፋብሪካ፣ ከምድር ቤቱ መብራት በርቷል።
ካሜራው ከጣሪያ ተሰቅሎ ቁልቁል አፍጥጧል፤
ከሥሩ አንድ ሮቦት፣ የጫማ ሣጥን የሚያክል፣
ጥቁርና ነጭ ካርቶን እንደ ቆብ ደፍቷል።

«ሂድ» አልሁት፣ «ቀጥ ብለህ»። ለሁለቱም ጎማ ቮልቱ እኩል ነው።
ሄደ። ሦስት ሜትር ሳይሞላ ወደ ግራ አዘነበለ፤
እንደ ሰካራም አይደለም፤ እንደ ሰው፣ ሊናገር እያለ
ቃሉን ውጦ ፊቱን እንደሚያዞር፣ በቀስታ።

ካሜራው በሰከንድ ሠላሳ ጊዜ ይመሰክራል፦
እዚህ ነበር፤ እዚህ ነበር፤ አሁን እዚህ።
ስለ ሞተሩ ሆድ አያውቅም፣ ስለ ሽቦው ጥቅል፣ ስለ ማግኔቱ፤
እሱ የሚያውቀው ቦታውን ነው፣ ቦታውንና ሰዓቱን፤
የቀረው የእኔ ዕዳ ነው፣
ከዱካው ተነሥቶ መገመት አንጀቱን።

ስንት ቮልት ሲደርሰው ይነቃል?
ከነቃስ፣ ፍጥነቱ እስኪሞላ ስንት ይቆያል?
ሰበቃው ከጉልበቱ ምን ያህል ይበላል?
ሦስት ቁጥር ለግራው፣ ሦስት ቁጥር ለቀኙ።
በፋብሪካው ወረቀትማ መንታ ናቸው፣
ባንድ ቀን ክርስትና የተነሡ።

ሳምንቱን ሙሉ ከሰስሁት።
ስሌቱ ሁሌም ያው፦ ግራው ሰነፍ ነው፣ በመቶ ስድስት።
በላ ልበልሃ! አልሁት በሆዴ፤
መልሱ አንድ ቀጭን ሲርታ ነው፣ ያውም ሲሄድ ብቻ።
ዓርብ ማታ ብሎኑን ፈታሁ፤
ግራውን በቀኝ፣ ቀኙን በግራ አሰርሁ፤
«አሁን ወደ ቀኝ ትታጠፋለህ» ብዬ ማልሁ።

ሄደ።
ወደ ግራ።

ኦሪሲያ፣ የሕንፃው ጽዳት ሠራተኛ፣ በሩን ተደግፋ ታየኝ ኖሯል።
«በዐሥራ ሰባት ዓመቴ እዚህ ጣሳ አጥብ ነበር» አለች፤
«ወተቱም ሲደፋ፣ ውሃውም ሲፈስ፣ ሁሉ የሚሄደው ወደዚያ ነው።»
በመጥረጊያዋ እጀታ ጥጉን ጠቆመችኝ፦
ከስንት እጅ ቀለም ሥር፣ የተደፈነ የፍሳሽ አፍ።

ሮቦቱን አዙሬ ከወዲያኛው ግድግዳ ላክሁት።
አሁን ወደ ቀኙ አዘመመ፤
ባትሪው የከበደውን አፍንጫውን ይዞ፣ ወደዚያው ጥግ።

አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ይባላል፤
የእኔው ባሰ፤ አህያውም ዳውላውም አልነበረም፣
መንገዱ ነበር።
ለወለሉ አንድ ቁጥር ጨመርሁ፣ ግራው በነጻ ተለቀቀ፤
ማለት፣ በመቶ አንድ ያህል አሁንም ይለግማል፤
እሱን አልሸሽግለትም።

ካሜራው አልዋሸም። ስለ ወለሉ የጠየቀው አልነበረም።

ኦሪሲያ ከባልዲዋ የተረፈውን ጭላጭ ውሃ
መሬት ላይ ደፋችና ቆመን አየን፤
መጀመሪያ አመነታ፣ ኋላ ምላሱን አወጣ፤
ካሜራው አልጠፋም ነበርና እሱንም መዘገበ፦
እዚህ ነበር፤ እዚህ ነበር፤
አሁን እዚህ።