በጥርስ የሚያዝ መብራት

ቫልፓራይሶ፣ ከወደቡ በላይ፣ ከሦስተኛው መታጠፊያ፣
ሱቅ አለችኝ ጠባብ፤ የብሎን፣ የሽቦ፣ የመፍቻ ማደሪያ።
አንድ ማክሰኞ ማለዳ፣ ጉሙ ከባሕር ሲወጣ፣
ኤርሲሊያ ማርዶኔስ መጣች፣ ቱታዋ ግራሶ የጠጣ።
ያቺ ናት፣ በገደሉ ሐዲድ ላይ፣ በብረት ገመድ ተጎትቶ
ሽቅብ የሚወጣውን ሳጥን፣ የሠፈሩን ሰው አጭቆ፣ ሞልቶ፣
ሌት ሌት የምትመረምረው።

«የእጅ ባትሪ ፈለግሁ» አለች። የድሮውስ? ብዬ ብጠይቃት፣
«ጉድጓድ ገብቶ ቀረ፤ ነፍስ ይማር» ስትል ከንፈሬን መጠጥኩላት።
ነጋዴ ነኝና ትልቁን አወረድኩ፣ ክንድ የሚያህለውን፣
ከዚህ ቢያበሩት መርከቦቹን አልፎ አድማስ የሚነካውን።
ካርቶኑ ላይ ቁጥር ተደርድሯል፣ ዜሮው ብቻ ስንት ነው!
አየችው። «ይሄ» አለች፣ «ለማየት ሳይሆን ለመታየት ነው።
ከዓይኔ እስከ ገመዱ አንድ ክንድ ነው፤ አድማስ ምን ይሠራልኛል?
ከመፍቻው ጎን ኪሴ የሚገባ፣ እሱ ይበቃኛል።»

ትንንሾቹን ደረደርኩ። አንዱን መረጠች፤ ቆዳው እንደ ሞረድ የሚሻክር፣
የመሃል ጣት ቁመት፣ ጥቁር፣ ጌጥ የሌለው። ዋጋውን ልናገር ስንደረደር
ጓንቷን አጠለቀች። ቁልፉን በዚያ ወፍራም አውራ ጣት ፈለገች፤
አገኘችው። አጠፋች፣ አበራች፣ አጠፋች፣ ደግሞ አበራች።
ከዚያ ሳላስበው ለቀቀችው፣ ከትከሻዋ ቁመት፣ ሲሚንቶው ላይ!
ልቤ አብሮት ወደቀ። እሱ ከሚዛኑ ሥር ሲያበራ ተገኘ፣ ያልተነካ መሳይ።
የሻይ ብርጭቆዬን አየች። «አይሆንም!» ሳልል ነከረችው፤
በቀዩ ሻይ ውስጥ ጨረቃ ሆነ። እስከ መቶ ቆጥራ አወጣችው።
ጠረገችና በጥርሷ ነከሰችው፣ ሁለት መዳፏን ዘረጋች፣
አንድ ነገር አጉተመተመች። አልገባኝም። አውጥታ ደገመች፦
«ሥራዬ ሁለት እጅ ይፈልጋል። ሦስተኛው አፌ ነው።»

«ስንት ድንጋይ ይጎርሳል?» «አንድ።» «ከየትም ኪዮስክ የሚገኝ?»
«ከየትም።» «እንግዲያው ይሄ ነው፤ በል ቅናሽ አድርግልኝ።»
አደረግሁ። ስለ ሻዩ ግን ብዙ አልቀነስኩም።

አንድ ሌሊት ይዛኝ ወጣች፤ የሽያጭ ወሬዬ ሰልችቷት ይሆናል።
የመዘውሩ ቤት ጨለማ እንደ ሬንጅ ይጣበቃል።
ገመዱን በጨርቅ ወለወለች፣ ባትሪውን ፊት ለፊት ደቀነችበት፤
ብረቱ አንጸባረቀ፣ ሁሉ ደህና መሰለ፣ እንከን የሌለበት።
«አየህ? ፊት ለፊት ያበሩበት ይዋሻል፣ ያሞኛል በውበቱ።»
ጋደም አደረገችው። ጨረሩ ሄደ እየዳሰሰው በጎድን አጥንቱ።
ወዲያው ጥላ ፈላ። እያንዳንዷ ክር የራሷን ጥላ ጣለች፤
ከመካከልም አንዲቱ፣ እንደ ጺም ተቆልምማ፣ ተበጥሳ ቆማለች።
ቀጥተኛ ጥያቄ የሸሸውን አሽሙር እንደሚያስለፈልፈው፣
ስንጥቅም በሰያፍ ሲመጡበት ነው ጉዱን የሚዘረግፈው።

ሁለት። አራት። ሰባተኛው ላይ መቁጠር አቆመች።
ባትሪው ከአፏ ነው፤ ምራቋ በአገጯ ወረደ፤ አልጠረገች።

በማግስቱ በሩ ላይ «ተዘግቷል» ተለጠፈ።
ወይዘሮ ፍሪዶሊና፣ ድንቿን አዝላ፣ ሁለት መቶ ደረጃ ስትወጣ፣
በየደረጃው አንድ እርግማን ለኤርሲሊያ አዋጣች።
እኔም፣ ይቅር ይበለኝና፣ ገበያ ቢቀዘቅዝ አጉረመረምኩ።
አሥራ አንድ ቀን። አዲሱ ገመድ በመርከብ መጣ፣ ገባ፣ ተፈተሸ፣
ሳጥኑ ሲጥ እያለ ወጣ። ማንም አልወደቀም፣ ማንም አልሞተም፤
ማንም አላመሰገነም። ያልደረሰ አደጋ ደጅ ቆሞ ውለታ አይጠይቅም።

አሁን ባትሪ ሊገዛ የመጣ ሰው «ስንት ሜትር ያበራል?» ሲለኝ፣
«ምን ልታይበት ነው?» እለዋለሁ። አንዳንዱ ይሄዳል ተቆጥቶብኝ።

ትናንት ድንጋይ ልትገዛ መጣች። ባትሪው ቀለሙ ተልጧል፣
ወገቡ ላይ የጥርሷ ምልክት፣ ከላይም ከታችም፣ ተቀርጿል።
አዲስ ዘረጋሁላት። «ይሄ አፌን ያውቃል» አለች፣ ወደ ኪሷ መለሰችው።
የድንጋዩን ዋጋ አልተቀበልኳትም።
የሻዩን ግን እስከ ዛሬ አልከፈለችኝም።