በግማሽ ዋጋ

ማላካ፣ ወንዙ ዳር፣ ከጠባቡ መንገድ፣
ቤቶች ትከሻቸው ተጠጋግቶ እንደ ዘመድ፣
ፊታቸው ቀጭን ነው፣ ሆዳቸው ግን ሩቅ፣
በደጅ የሚያልፍ ሰው ጥልቀቱን አያውቅ።
ከበሩ በላይ ሰሌዳው፣ የወርቅ ፊደሉ ረግፎ፣
የቅድመ አያቷን ስም ይዟል፣ ግማሹን አትርፎ።

አክስቴ ጓት ኒዮ፣ ሰማንያ አራት ዓመቷ፣
ትኬት ልትቆርጥ ቆመች ከትውልድ ቤቷ።
«ለአዛውንት ግማሽ ነው» አላት የበሩ ልጅ፤
እሷም ሳንቲም ቆጥራ ዘረጋችለት እጅ፣
አንዲት ቃል ሳትተነፍስ፣ ቆማ እንደ እንግዳ፣
ዐይኗን እየላከች ወደ ውስጠኛው ጓዳ።
ወንድሞቿ ሸጠው ሲካፈሉ ዋጋውን፣
ለሷ የደረሳት ድስት ነው፣ ያውም ሽንቁሩን።

«ሐዝዋን እባላለሁ፤ በዓይን ብቻ እንጎብኝ፣
ማንም ወንበሩ ላይ አይቀመጥ፣ ስሙኝ።»
ቀይ የከፈይ ገመድ ከቦታል ወንበሩን፣
አባቷ ከምሳ በኋላ
አፉን ከፍቶ የሚያንኮራፋበትን።

ፎቅ ወጣን። ከወለሉ መሀል፣ ጡብ የምታህል ቀዳዳ፣
ክዳኗ ሲነሳ ይታያል ታች ያለው እንግዳ።
«ጥንት» አለ ሐዝዋን፣ «ሴት ልጅ ወርዳ ማየት ነውር ነበር፤
እዚህ ተንበርክካ ነው የመጣውን የምትሰልል በስር።»
አክስቴ ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለች፤
«ባሌን መጀመሪያ ያየሁት በአናቱ በኩል ነው» አለች።
«መላጣው ያኔም ጀማምሮት ነበር።
አይቼ ነው እሺ ያልኩት፤ ተታለለች ተብሎ እንዳይነገር።»

ከመስታወት ሣጥን፣ ከመብራት በታች፣
አንዲት ነጠላ ጫማ፣ በዶቃ ያጌጠች።
ነጠላ ናት በውነት፤ ጓደኛዋ ገና
መወጠሪያው ላይ ናት፣ ጽጌረዳዋ ግማሽ፣ ክሯ ተንዘላዝሎ፣
መርፌዋም እዚያው ተሰክታ ቀርታ።
ሐዝዋን ድምፁን ዝቅ አደረገ፣ እንደ ለቅሶ ቤት፤
«ማን እንደሰፋችው አልታወቀም።
ለሠርጓ ነበር ይባላል። ምናልባት ጦርነት፣
ምናልባት ሞት፣ ምናልባት የከዳ ፍቅር…»
አንዲት ጎብኚ ከንፈሯን መጠጠች።

አክስቴ መስታወቱን በትንፋሿ አደበዘዘች፤
«አረንጓዴው ዶቃ አለቀብኝ» አለች።
«ሱቁ ጠዋት ዝግ፣ ማታ ዝግ፤
ላስቲክ ጫማ ገዛሁ፣ ተመቸኝ።
ከዚያ ወዲያ ዶቃ ማን ይፈልግ?»

ያን ጊዜ ዝናብ መጣ።
የዚህ ቤት መሀሉ ጣሪያ የለውም፣ ሰማይ የሚገባበት ነው፤
ገመድ አላገደው፣ ትኬት አልቆረጠ፣
ድንጋዩ ወለል ላይ እየዘለለ ተቀመጠ።
ጠብ ባለ ቁጥር ቤት መታ፣
ስንኙ ሳይዛነፍ፣ እንደዚያ ዘመን ማታ።

ሐዝዋን እስክሪብቶ አወጣ፤ «ስምዎን ልጻፈው፣ ይንገሩኝ።»
«ተወው፣ ‹አልታወቀም› ያምራል» አለች፤
«ለወጉ ሞቼ ብሆን ይሻል ነበር፤ አታበላሽብኝ።»

ከዚያ ላስቲክ ጫማዋን አውልቃ፣
ባዶ እግሯን ዝናቡ ውስጥ አኖረች፣ አውቃ።
ማንም «አይነካም» አላላትም።
ድንጋዩ አወቃት ልል ነበር፤ ድንጋይ አያውቅም።
ብቻ፣ ዝናቡ እስኪያባራ፣
እግሯን አላነሳችም።