የነፋስ ልክ

ጥርሱ ሙልጭ ብሎ፣ ክሩ ከውስጥ ፈጦ፣
የኋላ ጎማዬ እንደ ሱሪ ጉልበት ሳስቶ ተገላልጦ፣
ከአሞራ ገደል ደጅ፣ ከነቆሮሶዬ ጥሎኝ ቁጭ አለ፤
«ጧ» እንኳ ሳይል፣ ዝም ብሎ ሞተ፤ ምን ሙግት አለ።

እየገፋሁ ሄድሁ። ዓሣው ከላስቲኩ ውስጥ ሰዓት ይቆጥራል፣
በረዶው ጠብ ጠብ ይላል፤
አቶቴ መታጠፊያ፣ ላታሞ ጎሚስታ ገና በር ይከፍታል።

ሦስት ጎማ አወረደ።
«ይሄ ቀጭኑ ነው፤ አስፋልት ላይ ያፏጫል፣
ከመናኸሪያ ሐይቅ ዳር፣ ሻይህ ሳይበርድ ያደርስሃል፤
አንድ የጠርሙስ ስባሪ ካየ ግን እጁን ይሰጣል።
ይሄ ወፍራሙ፣ ጥርሱ እንደ አዞ፣ እሾህ ቢውጥ እንኳ አይስልም፤
አንተን ይቀብርሃል እንጂ እሱስ አያልቅም፤
የሐይቁ ነፋስ ፊት ለፊት ሲመጣ ግን፣ እርጉዝ ላም ነው፤ ብትለምነው አይሰማም።
ይሄ መሃለኛው...» ብሎ አውራ ጣቱን ጎኑ ላይ ጫነ፣
አቮካዶ እንደሚመርጥ ሰው ዓይኑን ጨፈነ።

እኔ ሆዬ ቆሜ፣ ለሦስት ተከፍዬ፤
ቆሮሶው «ፍጠን!» ይላል፣ «ፀሐይ ሳትደርስብኝ»፤
ኪሴ «ሁለት ክረምት የማይሻገር ጎማ እንዳትገዛብኝ»፤
ወገብ አለ ደግሞ፣ የእኔስ ለምዷል፣ የዱሬቴ፣
ቀበቶዬን ይዛ ትምህርት ቤት የምትሄድ፣ የሰባት ዓመት እመቤቴ።
ኮብልስቶኑ ላይ ስንደርስ፣ ፊደሏን ጮክ ብላ ስትቆጥር፣
«ለ-ኧ-ኧ-ኧ፣ ሉ-ኡ-ኡ-ኡ» ይላል ድምጿ፣ ይርገበገባል እንደ ክር።
አጥንቷ ገና ቀንበጥ ነው፤ መንገዱ ደግሞ መዶሻ፤
ለዓሣው በረዶ አለለት፤ ለእሷ ምን አለኝ ማስታገሻ?

ላታሞ ገባው መሰል፣ ዋጋ እንኳ ሳይጠራ፣
«ፊትና ኋላው አንድ ይሁን ያለህ ማነው? ከፊት መሪ ነው ያለህ፤ ከኋላ አደራ።
ቀጭኑን ከፊት፣ መሃለኛውን ከኋላ።
ነፋሱንም ልክ ስጠው፤ የጠገበ ጎማ እንደ ጠገበ ሰው ይዘላል፣
የራበው ደግሞ መንገድ ላይ ይተኛል።»
ነፋ። በጣቱ ሰማው። ትንሽ አስተነፈሰው፦ ፍስስ።
ብስክሌቴ አንድ እግሯ ሸራ፣ አንድ እግሯ ቆዳ ጫማ አድርጋ ወጣች።

በማግስቱ ዓሣው ስምንት ደቂቃ ዘገየ፤ ባለ ሆቴሏ አጉረመረሙ።
ይሁን።
ዱሬቴን ጫንሁ፤ ኮብልስቶኑ ላይ ወጣን፤
ጀርባዬን ጆሮ አድርጌ ጠበቅሁ።
«ለ... ሉ... ሊ... ላ...»
በማስመሪያ የተሠመረ፣ ቀጥ ያለ ድምፅ።
ደስታዬ ለአንድ ሰፈር ያህል ቆየ።

ከዚያ ቀበቶዬን ሳብ አደረገችው።
«አባዬ፣ ድምፄ የታለ?»
«ይኸው፣ እየሰማሁት!»
«ይሄ አይደለም። ያ፣ የሚስቀው።
መንገዱ ሲኮረኩረኝ የሚመጣው።»

ኮብልስቶኑ አለቀ፤ አስፋልቱ ጀመረ።
ነገ ጠዋት ሁለት ትንፋሽ እጨምርለታለሁ፤
ላታሞ ብቻ አይስማ።