አንድ ሰው የቀረው

ሰባት ዓመት ሙሉ መናኸሪያ በር ላይ
ድምፄን አከራየሁ፣ በአቧራ በፀሐይ፤
«አሰላ! አሰላ! አንድ ሰው የቀረው!»
ጉሮሮዬን የአዳማ ነፋስ ሞረደው።

ትናንት ሌንጮ ደወለ፦ «ያ ጨዋታ ተመልሷል፤
ፍራንኮ፣ ፎቁ ላይ፣ ሰው ቤቱን ሞልቷል።
ማይኩ ያው ነው፣ በፕላስተር የታሰረው፣
ካንተ ወዲህ ማንም አፉን ያላስጠጋው።»

ገባሁ።
ስክሪኑ ላይ ያው መስክ፣ ባለማዕዘን በጎች፣
ያው ከእንቅልፍ የነቁ ሦስት እንጨት ቆራጮች።
ልጆቹ ግን አዲስ፤ አንዱ ጎረምሳ ዞሮ
«ሽማግሌው ማነው?» አለ፣ ጓደኛውን ቆንጥሮ።

ጀመርኩ። ምላሴ ከበደ።
ቀስተኛውን ጦረኛ አልኩት። አንዱ ሳቀ።
ምህረተአብ በመድፍ ግንቡን አፈረሰው፤
የኬኔሳን ከተማ እሳት ጨረሰው።
ሁሉም «አለቀ» ሲል፣ ከካርታው ጥግ፣ ከዛፉ ዳር
አንድ እንጨት ቆራጭ አየሁ፣ መጥረቢያው ጫንቃው ላይ፣ ሲበር።

ያኔ የመናኸሪያው ድምፅ፣ ሳልጠራው፣ አፌን ጥሶ ወጣ፦
«አንድ ሰው! አንድ ሰው የቀረው!»
ቤቱ ከወንበሩ ተነሣ።

ቆራጩ ዛፍ ጀርባ ምሰሶ ተከለ።
ውጤቱን ሌላ ጠይቁ፤
እኔ እንደሁ፦ «ግቡ፣ ቦታ አለ!»