ታኮ

ሐረጎ ዳገት ላይ፣ ጉም መንገድ ሲበላ፣
አባቴ ይሮጣል ከመኪናው ኋላ፤
ታኮውን በክንዱ እንደ ሕፃን አቅፎ፣
ጎማው ሊንሸራተት ሲል ከሥሩ ይጥላል፣ በጭሱ ውስጥ አልፎ።
ሾፌር አይደል እሱ፣ ጭነትም አይደለ፤
አንዱን ሲያሻግር ድንጋዩን ተሸክሞ ወደሚቀጥለው መኪና ቸኮለ።
ይማም ረዳቱ ይሉታል ኮምቦልቻ፤
ስሙ የሚነሣው ዳገት ላይ ነው ብቻ።

እኔ ግን ደሴ ነኝ፣ ከቤተ ሙከራ፣
ከአንድ ጠርሙስ ጋራ ነው የዓመቱ ሥራ፤
ፕሮሊን ይሉታል፤ ነጭ ዱቄት፣ ጨው መሳይ፣
ከብረት ያልተሠራ፣ ከሰው ጅማት ውስጥም የሚገኝ ሲሳይ።
ሁለት ሞለኪውል አቀራርቦ፣ አስሮ፣
ተመልሶ ይወጣል እንደ ገባው ሆኖ፣ ለሌላ ጥንድ አድሮ።

ግን ነገሩ እጅ ነው።
የሚወለደው ሁሉ ግራና ቀኝ አለው፤
በመስታወት ፊት እንደ ቆመ መንታ፣
እንደ ጫማ ነው፤ የቀኙ ለግራ እግር አይሆንም ክሩ ቢፈታ።
"በቀኝሽ! ቢስሚላህ!" ትል ነበር እናቴ፣
ከሳህኑ ጠርዝ ላይ ሲያርፍ ግራነቴ፤
ዛሬም ግራ ሲገባኝ ቋንቋው ያስቀኛል፦
ግራውስ ገብቶኛል፤ ቀኙ መቼ ይገባኛል?

መምህር ውዱ ጠመኔ አንሥቶ ወንበር ሣለልኝ፣
ስድስት ማዕዘን፣ መደገፊያ ያለው፤ "ማለፊያው እዚህ ነው" አለኝ።
"የጫፉ ጫፍ፣ የሐረጎ አናት በይው፤
ይህ በነጠብጣብ ያሰመርኩት ግማሽ የታሰረ፣ ግማሽ የተፈታ ነው።
እዚህ ወንበር ላይ ማንም ተቀምጦ አያውቅም፤
ቅጽበትን ሺህ ጊዜ ብትሰነጥቂው እንኳ ያን ያህል አይደቅም።

አየሽ፣ አሲዱ ክንዱን ዘርግቶ ኦክስጅኑን ይይዛል፤
ስለዚህ እንግዳው በአንድ ወገን ብቻ ይጠጋል።
በወዲያ ከመጣ ትከሻ ለትከሻ ነው፤
ዳገቱ በሁለት ኪሎ ካሎሪ ይበልጣል፤ ልዩነቱ ይኸው።
ለዚህች ለትንሽ ከፍታ
ከመቶ ዘጠና ሰባቱ ይመርጣል ዝቅተኛውን ቦታ።"

ማቀዝቀዣው መብራት አጥቶ ዝም ሲል
መስኮቱን ከፈትኩ፤ የጦሳ ብርድ ገብቶ ጠርሙሱን አደረ ሲያባብል።
ጠዋት ብርሃን በቱቦው አሳልፌ አየሁ፦
ወዴትም አልዞረም። ዜሮ። ፈዝዤ ቀረሁ።
ግማሹ ግራ፣ ግማሹ ቀኝ፣ ተቻችለው ጠፍተው፤
ሦስት ሳምንት እንዲሁ። ወንበሩን ሰደብኩት፣ ሠሌዳው ላይ ተጎልቶ ሳየው።

በአራተኛው፣ ጠርሙሱን ገልብጬ፣
እርጥበት የበላውን ወረቀት በጥፍሬ ፍቄ፣ አፍጥጬ፣
አነበብኩ፦ "ዲኤል።" ቅይጥ ነው። ሁለቱም እጅ።
ወንበሩ አልዋሸም፤ ታኮው ነው በሁለት ወገን የቆመው እንጂ።

ሌላ ጠርሙስ መጣ፣ በአውቶቡስ፣ በጋዜጣ ተጠቅልሎ፣
የአክስቴ ልጅ ሾፌሩን ለምኖት፣ "መድኃኒት ነው" ብሎ።
ያኔ ብርሃኑ ዞረ።
ጮኽኩ መሰለኝ፤ ከኮሪደሩ ማዶ ዘበኛው ሙሄ በትሩን ይዞ በረረ።

ማታ ለአባቴ ነገርኩት። "አየሽው ወይ ሲሻገር?" አለኝ።
"አላየሁም። ከወዲህ የገባውን፣ ከወዲያ የወጣውን አይቼ
መሃሉን ሣልኩት፤ እንጃ፣ የገባኝ መሰለኝ።"
"እኔስ ጎማው ሲቆም መች አየሁ? ጉም ነው፤
ሞተሩ ድምፁን ሲቀይር ነው ድንጋዩን የምጥለው።"

ጥቂት ቆይቶ፦ "ሦስቱስ? ከመቶ የቀሩት?"
"በዚያኛው አለፉ፣ አባ። ይከብዳል እንጂ አልተዘጋም፤
እነሱም ደረሱ፣ በሌላ ፊት።"
ዝም አለ።
ጎማ የበላውን ግራ እጁን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋ፤
ሦስት ጣት ነበረው።