ማን ጠየቀኝ

ደብዳቤው የደረሰኝ በኅዳር ውርጭ ጠዋት፣
መሃል ሜዳ ላይ ነው፣ ውሃ አገልግሎት።
ማኅተሙ ደብዘዝ ያለ፣ ወረቀቱ ስስ፣
እጄ ከቧንቧ ዝገት ገና ሳይታበስ።
ትናንት ከነጥላዬ ጋር አንድ ጉድጓድ ስንምስ፣
አንዷን ካፖርት በተራ ስንለብስ፣
ዛሬ ወንበር ተሰጠኝ፣ ጎማ ያላት ወንበር፣
አንድ ጎማዋ የወለቀ፣ ዘመም ብላ የምታድር።

ሰባት ቁልፍ ባንድ ቀለበት ወገቤ ላይ አሰርሁ፤
የፓምፑን፣ የግምጃ ቤቱን፣ ለማንም ላልሰጥ ማልሁ።
ላቀች ቧንቧ ስታጠብቅ፣ «ቆይ፣ እኔ ልሥራው» አልሁ፣
መፍቻውን ከእጇ ወሰድሁ።
ጥሩ አድርጌ አጠበቅሁት፤ እሷ እጇን ኪሷ ከታ ቆመች፣
ከዚያ ቀን ወዲህ መፍቻ ሳላዝዛት አላነሳች።

ጥላዬ ሰኞ አረፈደ፤ ማክሰኞ፣ ረቡዕም ደገመ፤
ወዳጄ ነው ብዬ አፌ ተለጎመ።
ሐሙስ ደንበኛ ፊት፣ ቢል ከሚከፈልበት፣
የሦስት ቀኑን ቁጣ ባንዴ ደፋሁበት።
እናቱ ታመው ኖሯል። ይህንም የሰማሁት
ከዘበኛው ነው፣ ማታ፣ በር ሲዘጋ ባገኘሁት።

ሰኞ ሰኞ ስብሰባ፤ እኔ እናገራለሁ፤
«ሐሳብ ያለው?» እላለሁ፣ ሰዓቴን አያለሁ።
ጋሽ ሸዋንግዛው ጥግ ላይ፣ ባርኔጣቸውን ጭናቸው ላይ አኑረው፣
ይሰሙኛል ዝም ብለው፣
ሠላሳ ዓመት ቧንቧ ቀብረው።

አንድ የጥር ሌሊት፣ የጓሳ ነፋስ ሲያፏጭ፣
ዋናው መስመር ፈነዳ፤ ውሃው ጣራ ድረስ ሲረጭ፣
ሆስፒታሉ ደረቀ።
ቁልፎቼን ይዤ ሮጥሁ፤
ሰባቱንም ሞከርሁ።
ቆፈርሁ፣ ጮኽሁ፣ ተሳደብሁ። ሊነጋ ሲል ጋሽ ሸዋንግዛው መጡ፣
ከድሮው ወፍጮ ቤት ሃያ እርምጃ ቆጥረው፣ ከድንጋይ ሥር ክዳን አወጡ፤
የዛገ ቫልቭ። ሦስቴ አዞሩት፤ ወራጁ ሁሉ ተገታ።
«ይህን ያውቁ ነበር?»
«እኔው ነኝ የቀበርሁት» አሉ በእርጋታ።
«ታዲያ ምነው አልነገሩኝ?»
እጃቸውን በኮታቸው ጠረጉ፤ «ማን ጠየቀኝ?»

ደብዳቤው ላይ ይህ አልነበረም። ወንበሯም አሁንም ትዘማለች።
ሦስቱን ቁልፍ ፈትቼ ሰጠሁ፤ የግምጃ ቤቱን ላቀች ይዛለች።
ጥላዬን «እናትህ እንዴት አደሩ?» አልሁት፤ «ይመስገን» ብሎ አለፈኝ፤
አጭር መልስ ናት፤ እሷም ናት ለእኔ የምትገባኝ።

ዛሬ ሰኞ ነው። አንድ ጥያቄ ጠየቅሁና አፌን ዘጋሁ፤
ዝምታው ረዘመ፤
እጄን፣ ወደ ወገቤ ቁልፍ ልትቆጥር ስትሄድ ያዝሁ።