ሞክሼዬ

ኢሊ ወንዝ ባልካሽ ሐይቅ ሲገባ፣ ከሸንበቆው ዳር፣
ጆልባሪስ እባላለሁ፤ ባለመስመሩ ነብር።
ስምን መልአክ ያወጣል ይባላል፤ የእኔን ግን ያወጣው ፍርሃት፤
ከእኔ በፊት ሁለት ወንድሞቼን ሞት ከእቅፏ ቢነጥቃት፣
እናቴ ሞትን ልታስደነግጥ ጠራችኝ በአውሬ ስም፤
ፈራ መሰል፣ ሰባ ስምንት ዓመት ደጄን አልረገጠም።

ሞክሼዬን ግን አላውቀውም።

አያቴ ከገዳዮቹ ነው፤ ብርጌድ የሚሉት ነበረ፤
በቆዳ ቁጥር ዱቄትና ባሩድ እየተሰፈረ።
ከዚያ ሸንበቆው ነደደ፤ ለሩዝ፣ ለጥጥ ተመነጠረ፤
ከርከሮው አለቀ፤ አጋዘኗ አለቀች፤ ወንዙም በግድብ አጠረ።

አባቴ አንድ ክረምት በረዶ ላይ ዱካ አየ፤
ኮፍያውን አውልቆ ገጠመበት፤ ልክ ሆነ፣ አልተለየ።
እስከ ሸንበቆው ተከተለው፤ ጠመንጃውን ግን አላነሣም
(ወይም አነሣ ይሆናል፤ ጠይቀነው አልመለሰልንም)።
ከዚያ ወዲህ ዱካ ያየ የለም።

እኔ ዓሣ አጠመድሁ፤ ሸንበቆ አጨድሁ፤ ሦስት ልጅ ዳርሁ፤
የሌለ አውሬ ስም ተሸክሜ፣ እንደ ሙት አደራ፣ ኖርሁ።
መምህሩ ስም ሲጠራ «አቤት» እል ነበር፤
ማን ነበር እሱን ወክሎ «አለሁ» የሚል፣ በዚህ ሁሉ አገር?

አምና የዱር ጠባቂዋ አይጋኒም መጣች፣ ቦቲዋ ጭቃ በጭቃ፦
«አታ፣ አኻያ ትከልልን፤ አጋዘን እንድትበላ።
እሷ ካለች እሱም ይኖራል፤ ሌላው ከዚያ በኋላ።»
ሳቅሁ። በዚህ ዕድሜዬ ለነብር ምሳ አሰናጅ ሆንሁ!
አራት መቶ ችግኝ በእነዚህ ጣቶቼ ተከልሁ።

ሁለት ሆነው መጡ፤ በሳጥን፣ በአውሮፕላን፣ ከሰው አገር፤
ሽቦ ያሳደጋቸው፤ ሸንበቆ አይተው የማያውቁ ነበር።
ሳጥኑ ሲከፈት ወንዱ አልወጣም።
እኛም ዝም። እሱም ዝም።
በኋላ አንድ መዳፍ ብቻ አውጥቶ መሬቱን ነካ ነካ አደረገ፣
እንደ እንግዳ ቤት ምንጣፍ፤ መልሶም ሸሸገ።

ጎረቤቴ ሳርሰንባይ «ላሞቼን ማን ይከፍለኛል?» ብሎ ተቆጣ።
ልክ ነው። እኔም አንዲት ላም አለችኝ፤ ምን መልስ ላምጣ?

ትናንት ሌሊት ከአጥሩ ማዶ፣ ከሸንበቆው፣ ድምፁ መጣ፤
ውሻዬ አልጋዬ ሥር ገባ፤ የመስኮቱ መስታወት ተንጣጣ።
ከልማዴ «አቤት» ልል ነበር፤
ዋጥሁት። የተጠራሁት እኔ አልነበርሁም።
ተነሥቼ ጥጃዬን አስገባሁ ከግርግም፤
ዕድሜዬን ሙሉ ያልቆለፍሁትን በር ቆለፍሁ፤
ቁልፉን ትራሴ ሥር አድርጌ፣ እየፈራሁ፣ ደስ እያለኝ ተኛሁ።